የአምባሰል ዜማና የሸክላው መድበል

(ለሙዚቃ ባለሙያዎች ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የሐይቅን ከተማ ያገኛል። ከከተማው አጠገብ ሐይቁ ተዘርግቷል፤ በዚያም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። መንገዱ ወደ ወልድያ ሲቀጥል በውጫሌ በኩል ያልፋል። ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ምክንያት ስሟ በዓለም ታሪክ የተመዘገበ የአምባሰል ከተማ ናት። የነገሥታቱ ልጆች ይጠበቁበት የነበረው የግሸን አምባም በዚሁ በአምባሰል ምድር ላይ ነው።

ይህ ሁሉ በታሪክ መጻሕፍት ተጽፏል። ይሁን እንጂ ሐይቅንና አምባሰልን ፈጽሞ ያላየ፣ የውጫሌንም ውል ያላጠና ሰው አምባሰል የሚለውን ስም ሊያውቅ ይችላል፤ ያወቀውም በዜማ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ተብለው ከሚጠሩት ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች መካከል ሁለቱ፣ ማለትም ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው። አንዱ ከደሴ በስተምሥራቅ በሰኞ ገበያዋ ከታወቀችው ከተማ፣ ሌላው ከሐይቅ በላይ ካለው ተራራማ አገር የመጡ ናቸው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ እንግዲህ ይህ ዜማ በሸክላ ላይ ሲታተም፣ ከዚያም ሸክላው በሸክላ ላይ ተሰብስቦ መድበል ሲሆን የደረሰበትን መመርመር ነው። የዛሬ 50 ዓመት ገደማ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ቤቶች ያሳተሟቸው የተመረጡ ዘፈኖች ስብስቦች በአሁኑ ጊዜ በፓሪስ፣ በለንደንና በኒው ዮርክ እንደገና ታትመው ይደመጣሉ፤ ይወደሳሉም። ስለዚህም የአገሪቱ ባለሙያ እነዚህን መድበሎች መልሶ ሲያዳምጥ ሊያነሣቸው የሚገባ ጥያቄዎች አሉ። መድበሉ ምን አተረፈ? ምንስ አስቀረ? በውስጡ የተሰማው ሰው ስሙ የት ደረሰ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል።

የሸክላው ዘመን አመጣጥ

በኢትዮጵያዊ ድምፅ የተቀዳ ሸክላ ታሪክ የሚጀምረው ከአገር ውጭ ነው። አዝማሪ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርተዋል። ከዚያ በኋላ የሙዚቃ ሥራ በአብዛኛው በመንግሥት ተቋሞች ሥር ሆኖ ቆየ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓዶች፣ እንዲሁም የአገር ፍቅርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ቤቶች ተጫዋቾችን አሠለጠኑ፤ ደመወዝ ከፈሉ፤ ዩኒፎርም አለበሱ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትም እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር።

ይህን አጥር የተሻገረው አንድ ወጣት ነጋዴ ነው። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሬከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በማሳተም ሥራውን ጀመረ። ድንጋጌው በወረቀት ላይ ቢኖርም በተግባር ሲከበር አልታየም፤ ወጣቱም ይህን ተመልክቶ በድፍረት ገባበት። በአገሪቱ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ በአዲስ አበባ የተቀዳው ድምፅ እንደ ሕንድና እንደ ሊባኖስ ወዳሉ አገሮች ተልኮ እየታተመ ይመለስ ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ በሠራባቸው ዓመታት ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችንና ከ10 በላይ ትልልቅ ሸክላዎችን አውጥቷል። ፊሊፕስ ከጎኑ ይሠራ ነበር፤ ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቁት ነጋዴም ካይፋ ሬከርድስን አቋቁመው ሥራውን ወደ ካሴቱ ዘመን አሻግረዋል።

ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በሁለት ገጽ ሁለት ዘፈን ይይዛል። ገበያው ሲደራ ግን ነጋዴው አንድ ነገር አስተዋለ፤ ይኸውም ደንበኛው የአንዱን ድምፃዊ ብቻ ሳይሆን የዘመኑን ተወዳጅ ዘፈኖች ሁሉ በአንድነት ለማግኘት መፈለጉን ነው። ከዚህም የተነሣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአምኃ ሬከርድስ ስም «ኢትዮጵያን ሂት ፓሬድ» የተባለው ተከታታይ ትልቅ ሸክላ ታተመ። የተለያዩ ድምፃውያን በአንድ ሽፋን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በመሣሪያ ብቻ ለተሠሩ ቅንብሮችም «ኢትዮጵያን ሞደርን ኢንስትሩመንታልስ ሂትስ» የተባለው መድበል ወጣ፤ የሙላቱ አስታጥቄም ሥራዎች በዚህ ውስጥ ይገኛሉ።

በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ በአውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ፐንክ በሚባለው ሙዚቃ የተነሡት ወጣቶች ትልልቆቹ ኩባንያዎች በራቸውን ሲዘጉባቸው በአነስተኛ ገንዘብ የራሳቸውን የሸክላ ድርጅት እያቋቋሙ፣ ብቻቸውን ትልቅ ሸክላ የመሙላት ዐቅም የሌላቸውን ጓዶች በአንድ መድበል ይሰበስቡ ነበር። የሙዚቃው ጠባይ ከአዲስ አበባው እጅግ የራቀ ነው። የሥራው ጠባይ ግን ይመሳሰላል። በሁለቱም ዘንድ መድበሉ የተሠራው ለታሪክ ታስቦ አልነበረም፤ ለሽያጭና ለዳንስ ነበር። ታሪክ ሆኖ የተገኘው ሠሪዎቹ ሳያስቡት ነው።

ቅኝቱ በሸክላ ላይ ምን ሆነ?

መድበሉ ያተረፈውን ከመናገር በፊት አምባሰል በቅኝትነቱ ምን እንደሆነ ማስታወስ ይጠቅማል። ቅኝቱ አምስት ድምፆች አሉት። ከዶ ቢነሣ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶልና ላ ቤሞል ይሆናል። እነዚሁ አምስት ድምፆች ከፋ ተነሥተው ቢደረደሩ ደግሞ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ትዝታ ማይነር ይወጣል። እንግዲህ አምባሰልና ይህኛው ትዝታ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ልዩነታቸው በየትኛው በር ገብተው በየትኛው ምድጃ አጠገብ እንደሚያርፉ ነው። ትዝታው ፋ ላይ ሲያርፍ፣ አምባሰል ዶ ላይ ይመለሳል፤ ከመመለሱም በፊት በዚያች በግማሽ ድምፅ በምትርቀው በሬ ቤሞል ላይ ይቆያል። የአምባሰልን ዜማ ለሚሰማ ሰው ሆድ የሚያባባው ይህ የመጨረሻ እርምጃ ነው።

በማሲንቆ ላይ ይህች እርምጃ በጣት የምትለካ ናት። አዝማሪው በአንዷ የፈረስ ጭራ ክር ላይ ጣቱን ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያደረገ ስሜቱ የፈቀደውን ያህል ያጠባታል ወይም ያሰፋታል። የክራር ተጫዋችም ጨዋታው ሲለወጥ ክሮቹን እንደገና ይቃኛል፤ ቅኝት የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ሥራ የመጣ ነው። ፒያኖና ኦርጋን ግን ፋብሪካ የወሰነላቸውን ድምፅ ብቻ ይሰጣሉ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተቋቋሙት የከተማ ባንዶች አምባሰልን ሲጫወቱ ዜማው በእነዚህ መሣሪያዎች ልክ ተቆረጠ። ይህ ጥፋት ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ሳክስፎንን የመሰለ የትንፋሽ መሣሪያ በጎበዝ ተጫዋች እጅ ሲገባ የጠፋውን ስፋት ይመልሳልና።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ጌታቸው መኩሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት የተወለደው ይህ ባለሙያ በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ጀምሮ ወደ ክላሪኔትና ወደ ሳክስፎን የተሻገረ ሲሆን፣ ሽለላንና ፉከራን በቴኖር ሳክስፎን በመጫወት የራሱን ስልት ፈጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊሊፕስ ባሳተመለት ትልቅ ሸክላ ውስጥ «አምባሰል» የተባለ ጨዋታ ይገኛል። በዚህ ጨዋታ ሳክስፎኑ የማሲንቆውን ሥራ ይሠራል፤ ድምፁን ይስባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ከማረፉ በፊት ያመነታል። ከሥር ያለው የባንዱ ምት የአዲስ አበባ የሌሊት ክበብ ምት ነው። ከላይ ያለው ዜማ የተራራው አገር ነው።

ሌላው ለውጥ የጊዜ ነው። አምባሰል በአገሩ ሲዘፈን ማለቂያው የሚወሰነው በጨዋታው ነው። ዘፋኙ ግጥም ይሰጣል፤ ከታዳሚው አንዱ ግጥም ይነግረዋል፤ ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ሰሙን የሰማ ይስቃል፤ ወርቁን ያገኘ ዝም ይላል። ሠርግ ከሆነ ሠርገኛው፣ ለቅሶ ከሆነ አልቃሹ፣ የበዓል ማታ ከሆነ ጎረቤቱ ሁሉ የጨዋታው ተካፋይ ነው። በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ስለሚኖሩ የዘፈኑ፣ የመዝሙሩና የመንዙማው ጆሮ እርስ በርሱ ተቀራርቧል። ትንሹ ሸክላ ግን በአንድ ገጽ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ብቻ ይፈቅዳል። በዚህ ምክንያት ግጥሙ በጥቂት ስንኞች ተወሰነ፤ ታዳሚው ከጨዋታው ወጣ፤ በየምሽቱ ይለዋወጥ የነበረው ቃል በአንድ ቅጂ ረጋ። አድማጭ ሁሉ ያንን አንዱን ቅጂ ትክክለኛው አምባሰል አድርጎ ለመደው።

ሁለተኛው ሕይወት

እ.ኤ.አ. ከ1974 በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው። አምኃ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ1975 አገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ሄደ። ካሴት ሸክላን ተካው። ሸክላዎቹ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ፣ በየመጠጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው ቀሩ፤ ብዙዎቹም ተሰበሩ።

እነዚህን ሸክላዎች ከሣጥን ካወጧቸው መካከል ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ቀዳሚው ነው። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጅግ አገር በታተመ ጊዜ የአውሮፓ አድማጭ ስለ አዲስ አበባ ድምፅ ወሬ ሰማ። ቀጥሎም በፓሪስ በቡዳ ሙዚክ ድርጅት ሥር በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ መድበል እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ 30 ጥራዝ ደርሷል። የመጀመሪያው ጥራዝ በተለይ የአምኃን ሸክላዎች ይዞ የወጣ ሲሆን፣ ከ1969 እስከ 1975 ያሉትን ዓመታት «ወርቃማ ዘመን» ብሎ ሰየማቸው። 4ኛው ጥራዝ የሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ የእርሱ ዜማዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ከተሰሙ በኋላ በዓለም ሁሉ ታወቁ። 10ኛው ጥራዝ ለትዝታ የተሰጠ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የጌታቸው መኩሪያ ሸክላም 14ኛው ጥራዝ ሆኖ እንደገና ታተመ።

የፐንኩ ነገር በታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር የተገናኘውም በዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በሆላንድ አገር የተመሠረተውና ከፐንክ የተነሣው «ዘ ኤክስ» የተባለው ጓድ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ ከተሞች ተዘዋውሮ ተጫወተ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተመሠረተበትን 25ኛ ዓመት ሲያከብር ጌታቸው መኩሪያን ጋበዘ። ሰባ ዓመት ያለፈው የሳክስፎን ሊቅ ከእነዚህ ሰዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዐ አንበሳ» የተባለውን ሥራ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 እስካረፈበትም ጊዜ ድረስ በአውሮፓ መድረኮች ላይ ተከብሮ ኖረ። በፉከራው ውስጥ ያለውን ሻካራነትና ድፍረት ፐንኮቹ የራሳቸው አድርገው ሰሙት። በከተማ ባንድ ውስጥ ሻካራ ተብሎ ሊለሰልስ ይችል የነበረውን ድምፅ እነርሱ እንዳለ ፈለጉት።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። መድበሉ ባይኖር ኖሮ ብዙው ድምፅ ከሸክላው ጋር በተሰበረ ነበር። በሕይወት የነበሩ አንጋፋዎች በስተርጅና ዳግመኛ መድረክ አገኙ። የአገሪቱም ወጣት ሙዚቀኞች የገዛ አባቶቻቸውን ድምፅ ከውጭ አገር በመጣ መድበል መልሰው አዳመጡ። የማይካድ ውለታ ነው።

መድበሉ ያስቀረው

ይሁን እንጂ መድበል ሁሉ መራጭ ነው፤ መራጭም ያልመረጠው አለ። «ወርቃማ ዘመን» የሚለው ስያሜ አንድ ቁም ነገር ይሸፍናል። ዘመኑ የተለካው በአንድ ከተማ ውስጥ በነበሩ ጥቂት የሙዚቃ ቤቶች ዕድሜ ነው። አሳታሚው ሲሰደድ ዘመኑ አለቀ ተባለ። በሐይቅ ገበያ፣ በውጫሌ መንደሮች፣ በአምባሰል አምባዎች ላይ ግን በዚያ ዓመት ያለቀ ነገር አልነበረም። ማሲንቆው ቀጥሏል። እንዲያውም የወሎ ዜማ በራሱ ልጆች ድምፅ በአገሪቱ ሁሉ የተሰማው በአብዛኛው ከሸክላው በኋላ፣ በኪነት ቡድኖችና በካሴት ዘመን ነው። የአምባሰል ንግሥት የሚል ስም የተሰጣት ማሪቱ ለገሠ ከወሎ ወጥታ ይህን ቅኝት በድምፅዋ ያነገሠችው በዚያ ዘመን ነው። በ1969 የሚጀምርና በ1975 የሚያልቅ መድበል እርሷን የሚያስገባበት ቦታ የለውም።

ስለሆነም የመድበሉ ወሰን የዘመኑ ወሰን ሊሆን አይገባም። አምባሰል በአዲስ አበባ ሸክላ ላይ የገባው በስሙ ነው፤ ቅኝቱ ገብቷል፣ አገሩ አልገባም። በሽፋኑ ላይ አምባሰል የሚለውን ቃል ያነበበ የሩቅ አገር አድማጭ የተራራ ስም መሆኑን አያውቅም። ተራራው ሥር ተቀምጦ ዜማውን ሲያቀብል የኖረው ዘፋኝ ደግሞ ስሙ በየትኛውም ሽፋን ላይ የለም። ብዙ ጊዜ በደራሲ ቦታ ላይ የሚጻፈው «ባህላዊ» የሚለው አንድ ቃል ነው። ቃሉ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ከበስተጀርባው ሰው እንደነበረ ይረሳል።

ስም የማስቀረት ጉድለት የገጠሩን ዘፋኝ ብቻ አልነካም። በከተማውም ሸክላ ላይ ድምፃዊው በጉልህ ሲጻፍ፣ ከበሮውን የመታው፣ ጊታሩን የተጫወተው፣ የትንፋሹን ክፍል ያቀናበረው ብዙ ጊዜ አልተጻፈም፤ የባንዱ ስም ብቻ በቂ ሆኖ ተቆጠረ። መድበሎቹን እንደገና ያሳተሙ ሰዎች ብዙ ስም ፈልገው አግኝተዋል። ያላገኙትም ብዙ ነው። ባለፉት ዓመታት ምስክሮቹ በተከታታይ አልፈዋል። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 አረፈ፤ የመጀመሪያውን ሸክላ የዘፈነለት ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት በመስከረም ተከተለው። አሳታሚውና ዘፋኙ በአንድ ዓመት ውስጥ ሄዱ። እያንዳንዱ አንጋፋ ሲያልፍ «በዚያች ማታ ማን ነበር የተጫወተው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊሰጥ የሚችል አንድ ሰው ይቀንሳል።

ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም፤ የኑሮም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዜማና ለግጥም ደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት፣ ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂው አሳታሚ ደግሞ ለ50 ዓመት ጥበቃ ሰጥቷል። በዚህ የ50 ዓመት ልክ ሲቆጠር ከ1969 እስከ 1975 የተቀዱት ሥራዎች የከዋኝነት ጊዜ ያለፈበት ወይም በማለፍ ላይ ያለ ነው። የዜማ ደራሲው መብት ግን ገና ነው፤ ለልጆቹም ይተርፋል። ታዲያ ደራሲው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ ወራሹ በምን ማስረጃ ይጠይቃል? ሕግ ስም ላለው ሰው ይሠራል። ስም የሌለውን ሕግ አያገኘውም።

ከሐይቅ ገዳም የሚገኘው ትምህርት

ለዚህ ችግር መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ምሳሌው በዚያው በሐይቅ ይገኛል። በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚጠበቀው የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ፣ የተጻፈበት ዘመን ከሚታወቁት የግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። ሊቃውንት ይህን መጽሐፍ የሚወዱት ስለ ወንጌሉ ቃልና ስለ ሥዕሎቹ ብቻ አይደለም። በውስጡ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፏል። ምን መጽሐፍ እንደነበረና ምን እንደተሰጠ በማስታወሻ ሰፍሯል። ከ700 ዓመት በኋላ ስለዚያ ቤተ መጻሕፍት ለመናገር የተቻለው አንድ ሰው ብዕር አንሥቶ በመዘርዘሩ ነው። የገዳሙ አለቃ ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ ይጠራ እንደነበር ይታወቃል፤ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ለጊዜ ዘብ የሚቆም ሰው ስም ሊሆን የሚገባውም ይኸው ነው።

አንድ መገጣጠም ልብ ሊባል ይገባል። የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የመቅረጽ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌልም ከተቀረጹት አንዱ ነው። በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ሸክላዎቹ ይቀዱ ነበር። ብራናው ቁጥር ተሰጥቶት፣ ተመዝግቦ፣ ቅጂው በሁለት ክፍለ ዓለም ተቀመጠ። ሸክላው ተሸጦ ተበተነ። ለብራናው የታሰበለት ለሸክላው አልታሰበም፤ ሸክላ መዝናኛ እንጂ ቅርስ ተብሎ አልተገመተምና።

ከዚህ የሚከተለው የሙያ ግዴታ ቀላል ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ማንኛውም አባል በእጁ ያለውን የድሮ ሸክላ ወይም ካሴት ሲያዳምጥ በአንድ ካርድ ላይ አምስት ነገር ይመዝግብ። እነርሱም የዘፈኑና የድምፃዊው ስም፣ የተጫዋቾቹና የአቀናባሪው ስም፣ የተቀዳበት ቦታና ዓመት፣ ቅኝቱ፣ እንዲሁም ዜማው ከማን እንደተገኘ ናቸው። የማይታወቀው ክፍት ይተው፤ በግምት አይሞላ። አንጋፋ ሙዚቀኛ በአቅራቢያው ያለ ባልደረባ ካርዱን ይዞ ይሂድና ይጠይቃቸው፤ ሸክላውን አሰምቶ «ጋሼ፣ ይኼ ከበሮ የማን እጅ ነው?» ቢል፣ ጆሮ ያስታውሳልና መልስ ሊያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ በአገሩ መቅዳት ነው። በሐይቅ፣ በውጫሌና በአምባሰል መንደሮች ዛሬም የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ሦስት ደቂቃ በማይገድበው በአሁኑ መሣሪያ ጨዋታው ከመነሻው እስከ መድረሻው፣ ታዳሚው ግጥም ሲያቀብል ጭምር ሊቀዳ ይችላል። የተጫዋቹ ስም፣ የታዳሚውም ፈቃድ አብሮ ይጻፍ። የዚህ ቅጂ አንዱ ግልባጭ በደሴ ባለው በወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቢቀመጥ መልካም ነው። በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ያስፈለገበትን ምክንያት የወሎ ሰው ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ አካባቢውን ባዳረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ ነገር በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው የአሳታሚው ድርሻ ነው። መድበሉን እንደገና የሚያሳትም ድርጅት፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ፣ «ባህላዊ» ብሎ ከመጻፍ በፊት ዜማው የመጣበትን አገር ይጻፍ። አምባሰል ከሆነ አምባሰል ወሎ ውስጥ መሆኑን፣ ዜማውን ለከተማው ያቀበለው ሰው የሚታወቅ ከሆነም ስሙን ያስፍር። ከሽያጩ የሚገኘው ጥቅም ለደራሲውና ለወራሹ የሚደርስበትን መንገድ ማኅበሩ ከአሳታሚዎቹ ጋር በውል ቢያስይዝ፣ ለአንጋፋው ከምስጋና ወረቀት የበለጠ ይጠቅመዋል።

ክቡራት የማኅበሩ አባላት፣ ክቡራን፤

የአምኃ ሸክላዎች ዳግመኛ ሲደመጡ ደስ ያሰኛሉ። ናሱ ይጮኻል፣ ኦርጋኑ ይንቀጠቀጣል፣ ወጣቱ ድምፃዊ እንደ ዘመኑ ይፎክራል። ይህን ደስታ መቀነስ አያስፈልግም። ማዳመጡ ግን በሽፋኑ ላይ በተጻፈው ብቻ መቆም የለበትም። ሽፋኑ የነጋዴው ማስታወሻ ነው፤ ለዘመኑ ገበያ ተጽፎ የቀረ። የባለሙያው ማስታወሻ ገና አልተጻፈም።

የሐይቁ መነኩሴ በወንጌሉ ገጽ ላይ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ሲያሰፍር ከ700 ዓመት በኋላ ማን እንደሚያነበው አላወቀም። ቢሆንም ጻፈ። ዛሬ ካርድ የሚሞላውም ባልደረባ አንባቢውን አያውቅም። አንድ ቀን ግን ከአምባሰል የመጣ ልጅ ሸክላውን አዳምጦ ካርዱን ሲያገላብጥ የአያቱን ስም ሊያገኝ ይችላል። የዚህ ማኅበር ሥራ ያ ስም በዚያ ካርድ ላይ እንዲገኝ ማድረግ ነው።